ሜዳሊያ ያጠለቀው ጠበቃ በባዶሊዮ ሰፈር

(በሱሉልታ ከተማ በተደረገ የታሪክ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሱሉልታ ሰዎች! እንደምን ዋላችሁ? አካም ኦልተን? አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እዚያ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ባዶ ወንበር አለ። ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ተቋቁማችሁ በእሑድ ከሰዓት ንግግር ልትሰሙ መምጣታችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ ወጣቶች «ወታደርም ጠበቃም የነበረ የአንድ ሰው ሕይወት ይንገሩን» ነው ያሉኝ። የጠየቁኝ እኔም ዩኒፎርም ለብሼ በጦር ፍርድ ቤት ስለሠራሁ፣ ከዚያም በጥብቅና ስለቆየሁ ይመስለኛል። የራሴን ሕይወት ልተርክላችሁ ግን አልመጣሁም። የማወራችሁ ስለ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። ስሙ ዊልያም ዶኖቫን ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። የጦር ሜዳ ጀግና ነበረ፤ የሕግ ሰው ነበረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካንን የስለላ ድርጅት ያቋቋመና የመራ ሰው ነበረ።

«የእኛ ጀግና ጠፍቶ ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልጠፋም። ዶኖቫንን የመረጥኩት በ1928 ዓ.ም. የእኛን መሬት ስለረገጠ ነው። የመጣው ግን በእኛ በኩል አይደለም፤ በጣሊያን በኩል ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ወደ ነበረው ወደ ባዶሊዮ ሰፈር ገብቶ፣ ከባዶሊዮ ጋር ተነጋግሮ፣ የጣሊያንን ጦር አይቶ ተመልሷል። ከ10 ዓመት በኋላ ይኸው ሰው የናዚ መሪዎች በተከሰሱበት በኑረምበርግ የአሜሪካው ዋና ዐቃቤ ሕግ ምክትል ሆነ። ባዶሊዮስ? ያን ጊዜ ባዶሊዮ የት ነበረ? እዚያ ጥያቄ ላይ ነው ላደርሳችሁ የምፈልገው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ ወታደሩን፣ ሁለተኛ ጠበቃውን፣ ሦስተኛ ወደ አገራችን የመጣውን እንግዳ። ሦስተኛው ይረዝማል፤ ከወዲሁ ታገሡኝ።

ወታደሩ። ዶኖቫን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1883 በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከአየርላንድ የፈለሰ፣ የካቶሊክ ቤተሰብ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግ ተማረ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት እዚያው በሕግ ትምህርት ቤቱ ነበረ። ተመርቆ ወደ ቡፋሎ ተመለሰና ጥብቅና ጀመረ፤ ጎን ለጎን እ.ኤ.አ. በ1912 በብሔራዊ ዘብ ውስጥ የፈረሰኛ ጓድ አቋቋመ። አስቡት፤ ቀን ፍርድ ቤት፣ ሲመሽ የወታደር ልምምድ!

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። የተመደበው በ42ኛው ክፍለ ጦር ውስጥ በነበረው በ165ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው፤ በኒው ዮርክ አይሪሾች የታወቀ ጦር ነው። ጥቅምት 1911 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 እና 15 ቀን 1918፣ ላንድር ኤ ሳን ዦርዥ በሚባል መንደር አጠገብ የጀርመን ምሽግ ነበረ፤ ሽቦው ጥቅጥቅ ያለ፣ መትረየሱ ብዙ። ሌተና ኮሎኔል ዶኖቫን የመጀመሪያውን ማዕበል ራሱ መርቶ ገባ። መኮንኖች እንዲህ ባለ ቀን ተኳሽ እንዳይለያቸው የማዕረግ ምልክታቸውን ያወልቃሉ። እሱ ወታደሮቹ እንዲያዩት ብሎ ማዕረጉን እንደለጠፈ ሄደ። የተበተኑትን ወታደሮቹን እየሰበሰበ እንደገና ወደ ፊት አስነሣ። እግሩን በመትረየስ ተመታ። «በቃሬዛ እናውጣህ» ሲሉት እንቢ አለ፤ ጦሩ ሻል ወዳለ ቦታ እስኪያፈገፍግ ድረስ አልተለየውም።

ለዚህ ሥራው የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ የክብር ሜዳሊያውን፣ ሸለሙት። ሜዳሊያው ሲሰጠው ምን አደረገ? አንገቱ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ ይዞት አልሄደም። ለሬጅመንቱ አስረከበው፤ ያልተመለሱት ልጆች ነው ብሎ። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። ወታደር የነበራችሁ ይገባችኋል።

ወደ ጠበቃው ልሂድ። ከጦርነቱ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1922 በምዕራብ ኒው ዮርክ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አልኮል መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ድሃው ጓዳው ውስጥ ጠምቆ ሲገኝ ይታሠራል፤ ሀብታሙ በክለቡ ቁጭ ብሎ ይጠጣል። ቡፋሎ ውስጥ ሳተርን ክለብ የሚባል የባለጸጎች ክለብ ነበረ። ዶኖቫን አባል ነበረ። የሕግ ሸሪኩ አባል ነበረ። የሚስቱ ወገኖች የዚያው የባለጸጋ ማኅበረሰብ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1923 ክለቡን አስፈተሸው! የራሱን ክለብ! መጠጡ ተያዘ፤ አባላቱ ተከሰሱ። የሕግ ሸሪኩ ተለየው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ እስከ ዕድሜ ልካቸው ይቅር አላሉትም።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወጣት ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ፣ የት ከተማ እንደሆነ ይቅር፣ አንድ ዶሴ መጣልኝ። የመንግሥት ደን ውስጥ ገብተው ትልልቅ ጽድ አስቆርጠው የሸጡ ሰዎች ዶሴ ነው። ገልጬ ሳነብ አንደኛ ተከሳሽ ሆኖ የተጻፈው የእኛ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ነው። በየወሩ ቤቱ ገብቼ ዳቦውን ቆርሻለሁ፤ ጠላውን ጠጥቻለሁ፤ እናቴ በታመመች ጊዜ ማታ መጥቶ ያደረ ሰው ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ተከሳሾቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ መጥረቢያ የያዙት ልጆች። ሽማግሌ ተላከብኝ። ሽማግሌዎቹ ምን አሉኝ? «ልጆቹን ክሰስ፤ ጋሼን ተዋቸው» አሉኝ። እንዲህ ነበር ያሉኝ! ክሱን በሦስቱም ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲያ እናቴ ወደ ገበያ ስትወርድ ሰላም የማይሏት ሴቶች ነበሩ። ማኅበሩም ወር ተራ እኔ ጋ ሲደርስ ሳይመጣ ዘለለኝ።

ስለዚህ ዶኖቫን ክለቡን ያስፈተሸ ቀን ምን እንዳሳለፈ በመጠኑ አውቃለሁ። መትረየስ ፊት መቆም ከባድ ነው፤ ከባድ ነው። ወዳጅ ፊት መቆም ግን ሌላ ዓይነት ልብ ይፈልጋል። ሁለቱም ያለው ሰው ብዙ አይገኝም። ይህ ሰው ሁለቱም ነበረው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ሄዶ በፍትሕ ሚኒስቴር ንግድን በሞኖፖል የሚይዙ ኩባንያዎችን የሚከሰው ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ዎል ስትሪት ላይ ትልቅ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ለኒው ዮርክ ገዢነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ይህን በዚህ ልለፈው።

አሁን ሦስተኛው። እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ፣ በእኛ በ1928 መጀመሪያ ወራት፣ ዶኖቫን እንደ ግል ሰው ወደ ሮም ሄደ። ሙሶሊኒ ዘንድ ገባ። ጦርነቱን ሄጄ በዓይኔ ልይ ብሎ ጠየቀ፤ ሙሶሊኒም ፈቀደ። በሊቢያና በግብፅ በኩል አድርጎ ወደ ኤርትራ፣ ከዚያም ወደ ትግራይ ግንባር ዘለቀ። ማርሻል ባዶሊዮን አገኘው። ባዶሊዮ ያን ጊዜ ደቦኖን ተክቶ የጦሩ አዛዥ ከሆነ ገና መንፈቅ እንኳ አልሞላውም። ዶኖቫን መንገዱን አየ፤ ስንቁን አየ፤ የወታደሩን ጤናና ሞራል አየ። ተመልሶ ለአገሩ መንግሥት የሰጠው ግምት «ጣሊያን ታሸንፋለች» የሚል ነው። እንደ ወታደር ትክክል ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ።

እንደ ጠበቃስ? እስቲ አስቡት። ባዶሊዮ የመርዝ ጋዝ ማዝነብ የጀመረው በታኅሣሥ 1928 ነው። ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን በርሜል ተጣለ፤ በርሜሉ ሲፈነዳ ፈሳሹ ሰውን ላጠው። ከዚያ በኋላ ከአውሮፕላን እየተረጨ በወታደር፣ በከብት፣ በውሃ፣ በሣር ላይ ወረደ። ጣሊያን ደግሞ ጋዝ የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተፈረመውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 ራሷ ያጸደቀች አገር ናት። ማለትም ሕግ ነበረ! «ያን ጊዜ ሕግ አልነበረም» የሚሏችሁን አትስሙ። ሕጉ ነበረ፤ የጣሊያን ፊርማ ነበረበት።

የአያቴ ወንድም ከመሀል ሰፋሪው ጦር ጋር በራስ ሙሉጌታ ሥር ዘምቶ ነበር። ልጅ ሆኜ አስታውሰዋለሁ። እግሩን ማንም እንዲያጥብለት አይፈቅድም። በእኛ ቤት ሽማግሌ እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ የልጆች ሥራ ነው፤ እሱ ግን ጣሳውን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ቀን ተከትዬ አየሁት። ከጉልበቱ በታች ቆዳው ቆዳ አልነበረም። ሲያየኝ አልተቆጣም። «ዝናብ ነው ብለን ቀና አልን» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ ሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ ያን ፕሮቶኮል ባነበብኩ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዶኖቫን ባዶሊዮ ሰፈር የገባው በእነዚያው ሰሞናት ነው። እኔ በሌለበት አልከሰውም፤ ዳኛ ሆኖ አልመጣም፤ ባለሥልጣን ሆኖም አልመጣም። ነገር ግን ይዞት የመጣው ጥያቄ አንድ ነበረ፤ «ማን ያሸንፋል?» የሚል። የወታደር ጥያቄ ነው። ቡፋሎ ላይ የራሱን ክለብ ያስፈተሸው ዐቃቤ ሕግ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ይህ አልነበረም። «እዚህ ምን ተፈጸመ? ማን አዘዘ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህን የምለው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። ዓለም ሁሉ ያን ጊዜ የጠየቀው የዶኖቫንን ጥያቄ ስለነበረ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ሄደው ስለ ጋዙ በመንግሥታት ማኅበር ሙሉ ጉባኤ ሲናገሩ፣ ሰሚው ልቡ ውስጥ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ጨርሶ ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ሩዝቬልት ዶኖቫንን ጠርቶ እ.ኤ.አ. በ1941 የመረጃ አስተባባሪ አደረገው፤ በ1942 ደግሞ ኦኤስኤስ የተባለውን የስለላ ድርጅት አስያዘው። በሜጀር ጄኔራልነት ጨረሰ። ይህ ዘመኑ ብዙ መጽሐፍ የተጻፈበት ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን የሚያስፈልገን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ጃክሰን የኑረምበርግን ክስ ሲያዘጋጅ ዶኖቫን ምክትሉ ሆነ። ሁለቱ ግን አልተስማሙም። ጃክሰን ክሱ በሰነድ ይቁም አለ፤ ዶኖቫን ሕያው ምስክር ይቅረብ አለ፤ ከተከሳሾቹ ዋናውን የናዚ መሪ ጎሪንግን ራሱን ለማናገር እስከ መሞከር ደረሰ። ችሎቱ በተከፈተ ሰሞን ኑረምበርግን ለቅቆ ወጣ። እኔ በጥብቅና ሕይወቴ ከሁለቱም ወገን የሚባለውን አውቃለሁ። ምስክር ይረሳል፣ ይፈራል፣ ይገዛል፤ ሰነድ አይፈራም። ለታሪክ ጃክሰን ትክክል ነበረ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ጥያቄያችን ጋ ደረስን። ኑረምበርግ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ስንት ጣሊያናዊ ነበረ? አንድም! ባዶሊዮ የት ነበረ? ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1943 ሙሶሊኒ ሲወድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር የጦር ማቆም ስምምነት አደረገ። ወዳጅ ሆነ። ወዳጅ ሲሆን ደግሞ ዶሴው ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። የማኅበራችንን ሙሴ አስታወሳችሁት? «ልጆቹን ክሰስ፤ ጋሼን ተዋቸው።» ቡፋሎ ላይ አንድ ሰው ለብቻው እንቢ ያለውን ነገር ኃያላን መንግሥታት በአንድ ድምፅ እሺ አሉት።

የእኛ ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ይህን ወጣቶች ስሙኝ! ድሃ አገር፣ ከጦርነት ገና የወጣች አገር፣ የሕግ ምሩቅ በጣት የሚቆጠርባት አገር፣ ዶሴ አዘጋጀች። ኃያላኑ «ጦርነቱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው» አሉ፤ ከዚያ በፊት በእኛ ላይ የተደረገው አይቆጠርም ማለታቸው ነው። በፓሪስ የሰላም ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች የመሩት ፀሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፈረንሳይ አገር ሕግ የተማሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የጣሊያን የሰላም ውል አንቀጽ 38 ምን ይላል? ጣሊያን ለኢትዮጵያ የምትጠየቅበት ጊዜ የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ይላል። መረብ ከተሻገሩበት ቀን ጀምሮ! ያቺን አንቀጽ ያስገቡልን ወታደሮች አይደሉም፤ የሕግ ሰዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን የአሥር ሰዎች ክስ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ኮሚሽኑም እ.ኤ.አ. በ1948 ለክስ የሚያበቃ መነሻ አለ አለ። ከዚያስ? ምንም። ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1956 አልጋው ላይ ሞተ። ግራዚያኒን ጣሊያን ራሷ ከጀርመን ጋር በማበሩ ከሰሰችና 19 ዓመት ፈረደችበት፤ ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። በኢትዮጵያ ለሠራው አንድ ቀን አልተጠየቀም። የጦር ካሣ ተከፈለን፤ ውሉ 25 ሚሊዮን ዶላር ቢልም የተከፈለው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቆቃ ግድብ ተሠራበት። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ፍርዱ ቀረ።

እናንተ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሩቅ ሰዎች አይደላችሁም። ይህ በደጃችሁ የሚያልፈው መንገድ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፍቼ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ጄኔራል ማሌቲ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት በመኪና ጭኖ ላጋ ወልደ ወሰዳቸው። ግራዚያኒ በራሱ ቴሌግራም ለሮም 297 መነኮሳት ረሸንኩ ብሎ አስታወቀ፤ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት። የተገደሉት ከዚህ ቁጥር በጣም እንደሚበልጡ በኋላ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ይህ የጠላት ውንጀላ አይደለም፤ የገዳዩ የራሱ ሪፖርት ነው። ጃክሰን የፈለገው ዓይነት ሰነድ! ችሎት ብቻ ነው የጠፋው።

የእኛ ቤት ጉዳይስ? እዚህ ዝም ብዬ ካለፍኩ ያጠለቅኩት የጥብቅና ካባ ይታዘበኛል። አንቀጽ 38ን ይዘው የተመለሱት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ምን ሆኑ? ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከሌሎች ባለሥልጣናትና መኮንኖች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ያለ ክስ፣ ያለ ጠበቃ፣ ያለ ችሎት። ያዘዙት የውጭ ሰዎች አይደሉም፤ የእኛው ዩኒፎርም የለበሱ ናቸው። ያዘዙት መኮንኖች ሕጉን ማወቅ ይችሉ ነበር። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ1949 ያጸደቀች አገር ናት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 281 ያንን ደነገገ፤ የጦር ወንጀሎችን በተከታዮቹ አንቀጾች ዘረዘረ። ደርግ ራሱ በኋላ የተከሰሰው በዚሁ አንቀጽ ነው።

በጦር ሠራዊቱ ሳለሁ ለምልምሎች ስለ ትእዛዝ አስተምር ነበር። ዛሬ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 ላይ ያለው ነው፤ የተሰጠው ትእዛዝ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይጠየቃል የሚለው። አንድ አሥር አለቃ እጁን አወጣ። «እንቢ ብዬ አዛዤ ቢገድለኝስ፣ ሻምበል?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ምን ልበለው? ሕጉ ፍርሃትህን ያውቀዋል፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችላል፣ የገደልከውን ሰው ግን አልገደልክም አይልህም፤ እንዲህ ነው ያልኩት። «ታዲያ አዛዡስ?» አለኝ። አንቀጽ 73ን አነበብኩለት፤ አዛዡ ራሱ ተጠያቂ ነው የሚለውን። ጽፎ ያዘው። ከትምህርቱ በኋላም መጥቶ ቁጥሩን እንደገና ጠየቀኝ። ዶኖቫን ባዶሊዮን ባገኘ ጊዜ ያ አሥር አለቃ አጠገቡ በነበረ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ!

አሁን ልጨርስ ነው፤ አንድ ልመና ግን አለኝ። ዶኖቫንና ጃክሰን በምስክርና በሰነድ ተጣሉ ብያችኋለሁ። እኛ ጋ ምስክሮቹ እያለፉ ናቸው። በየቤታችሁ አባቱ ላጋ ወልደ የቀረ፣ አያቱ በየካቲት 12 እልቂት የጠፋ፣ በጋዝ የተቃጠለ ዘመድ የነበረው አለ። የሰማችሁትን ጻፉት። ስም ጻፉ፤ ቦታ ጻፉ፤ ቀኑን ካወቃችሁ ቀኑን፣ ካላወቃችሁ የትኛው በዓል ሰሞን እንደነበረ ጻፉ፤ ከማን እንደሰማችሁ ጻፉ። ያልሰማችሁትን አትጨምሩ፤ አንድ የተጨመረ ነገር ዘጠኙን እውነት ያስጥላል። ያረጀ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የዘማች ወረቀት ያለው አይጣለው። እኔና ሁለት የሕግ ተማሪዎች በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይዘን እንቀመጣለን። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ይንገሩን፤ እኛ እንጽፋለን፤ መልሰን እናነብላቸዋለን፤ ይፈርማሉ። አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሌላውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት እናስገባለን።

በኦሮምኛ መናገር የሚቀልላችሁም በኦሮምኛ ተናገሩ፤ ከተማሪዎቹ አንዷ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ በተናገራችሁበት ቋንቋ ትጽፈዋለች። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።